እሳት የሚጫርበት ቤት

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እኅቴ፣ ለእትዬ፤

   

ነገሩን ሳላድበሰብስ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አያታችንን እማሆይን ይዤ አልመጣሁም። አንቺ በላክሽው ገንዘብ ክፍል አሰናድተን፣ አልጋ ገዝተን፣ ለወንበሩ ሳይቀር ምንጣፍ አንጥፈን ስንጠብቃቸው የከረምነው እማሆይ እዚያው ቀሩ። እምቢ ብለው ብቻ አይደለም የቀሩት፤ በመጨረሻ የተውኳቸው እኔ ነኝ። በስልክ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፣ ልቅሶሽን ስሰማ ደግሞ እኔ የምለው ይጠፋኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። እስከ መጨረሻው ሳታነቢው አትፍረጅብኝ፣ በሞቴ።

እሳቸውን ላመጣ ታኅሣሥ 9 ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። ፍቼንና ገብረ ጉራቻን አልፌ ጎሐ ጽዮን ስደርስ ፀሐይዋ ወጥታለች። ከዚያ አባይ በረሃ። ትዝ ይልሻል፣ ለሚሊኒየሙ መጥተሽ በመስከረም 2000 አብረን ስንወርድ አዲሱ ድልድይ ገና በሥራ ላይ ነበር፤ መኪናው በአሮጌው ላይ ቀስ እያለ ሲያልፍ እጄን ጨምድደሽ ይዘሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር። አዲሱ ካንቺ ጉዞ በኋላ ዓመት ሊሞላ ሲል ተመረቀ። ጃፓኖች የሠሩት፣ በወፋፍራም ገመድ የተወጠረ፣ ረጅም ድልድይ ነው። በረሃው ግን ያው በረሃ ነው፤ ስትወርጂ ጋቢሽን ትጥያለሽ፣ ደጀን ስትወጪ መልሰሽ ትደርቢያለሽ።

ከደጀን ወዲያ ያለውን አገር በዚህ ወር ብታይው እንዴት ደስ ባለሽ! ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። ከሉማሜ እስከ አምበር መንገዱ ግራና ቀኙ ክምር ብቻ ነው። አውድማው ላይ በሬዎቹ እየዞሩ ያበራያሉ፤ ከኋላቸው ልጆች ይከተላሉ፤ ነፋስ ሲነሣ ገለባው እንደ ጭጋግ ሜዳውን ይሞላዋል። አንዳንዱ ማሳ ግን ባሕር ዛፍ ሆኗል። ገበሬው አጣናውን ለአዲስ አበባ ሕንፃ ሠሪዎች ይሸጣል፤ እህል ካዋጣው ገንዘብ የተሻለ አስገኝቶለታልና አልፈርድበትም። አንቺ የምታውቂው ግጦሽ ግን የለም።

ደብረ ማርቆስም ሰፍታለች። ዩኒቨርሲቲው ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ እየተቀበለ ከተማዋን በወጣት ሞልቷታል። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት በኩል ሳልፍ አንቺን አሰብኩ። ከጓደኞችሽ ጋር ተከራይተሽ ወደምትኖሪባት ጠባብ ክፍል እማሆይ በየሳምንቱ ስንቅሽን በጀርባቸው አዝለው ይመጡ ነበር፤ እንጀራውን፣ ድርቆሹን፣ በጨርቅ የተቋጠረውን ሽሮ። አንድ ቀን በክረምት የጨሞጋ ወንዝ ሞልቶ ሳይመጡ ቀርተው፣ በማግስቱ ከወገባቸው በታች ጭቃ ሆነው ደርሰው፣ «ራበሽ እንዴ?» ያሉሽን እስከ ዛሬ በስልክ ትነግሪኛለሽ። እኔም ለዚህ ነው አንቺ ይምጡልኝ ስትይ ልክ ነሽ ያልኩት። ያዘሉንን ማዘል ወግ ነው።

ከማርቆስ በሮብ ገበያ መኪና ሄጄ፣ ከመንገዱ ወርጄ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ወጣሁ። የጮቄ ተራራ ከፊት ለፊት ደመና ለብሶ ተኝቷል። ብርዱ እንደምታውቂው ነው፤ ጥዋት ጥዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ገብሱ ገብቷል፣ ድንቹ ወጥቷል፣ እንግዶው ገና በየማሳው ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል።

እማሆይ ደጅ ቆመው ነበር። ቆባቸው ዓይናቸው ድረስ ወርዷል። ትከሻዬን ስመው ሲያበቁ ከኋላዬ አዩና «ብቻህን ነህ?» አሉኝ። አንቺን መፈለጋቸው ነው፤ በመጣሁ ቁጥር ከኋላዬ ያያሉ።

እትዬ፣ ዕድሜያቸውን ታውቂዋለሽ። ራሳቸው እንደሚሉት «ጃንሆይ ማርቆስ የገቡ ጊዜ ጥጃ ጠባቂ» ነበሩ። ንጉሡ ከስደት ተመልሰው ማርቆስ የገቡት በመጋቢት 1933 ነውና፣ እንግዲህ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ከምድጃ ሲነሡ በአንድ እጃቸው ምሰሶውን ይይዛሉ፤ ምሰሶው መያዣው ቦታ ላይ በእጃቸው ንክኪ ብዛት ለስልሶ እንደ ቀንድ ያብለጨልጫል። ያንን ሳይ «ልክ ነን፣ እወስዳቸዋለሁ» ብዬ ነበር። የዚያኑ ማታ ነገሩን አነሣሁ። እሳቸውም «ደክሞሃል፣ ብላ አፈር ስሆን» ብለው የሽሮውን ድስት ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ነገሬን ግን አልመለሱልኝም።

ከራት በኋላ ያደረጉትን ላሳይሽ። በምድጃው ውስጥ የቀረውን ፍም ወደ መኻል ሰበሰቡት። ቀጥሎ በገል አመዱን እየዛቁ ከዳር እስከ ዳር አለበሱት፣ ልክ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ አንድም ቀይ ነገር እስኪጠፋ። በላዩ አማተቡ። ንጋት ላይ ብርዱ ቀስቅሶኝ ከመደቡ ላይ ሆኜ አየኋቸው። አመዱን ገለጥ ሲያደርጉት ፍሙ ከሥሩ ቀይ ሆኖ አድሯል። ጭራሮ ጣል አድርገው እፍ አሉ፤ ነደደ። ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ጥቀርሻ በጠጣው ሣር ውስጥ ሰርጎ ወጣ። አንቺም እኔም በዚህ ጢስ ውስጥ አድገን ሳናስተውለው ኖረናል።

ብዙም ሳይቆይ የጎረቤት ልጅ፣ ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ ገል ይዛ መጣች። «እማሆይ፣ እሳት ልጫር» አለች። ክብሪት እኮ አሁን በየቤቱ አለ፤ እሷ ግን እሳት ትጭራለች። እማሆይ ፍም እየመረጡ ገሏ ላይ ሲያኖሩላት ይጠይቋታል፤ እናትሽ ተሻላት? ጥጃው ጠባ? አባትሽ ከገበያ ስንት ሰዓት ገባ? ልጅቱም ትመልሳለች፤ እሷም በፈንታዋ እማሆይን ታያለች፣ ቤቱን ዞር ዞር ብላ ትቃኛለች። ያኔ እንዲሁ ደስ የሚል ነገር መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ።

በሦስተኛው ቀን የመሬቱን ደብተር እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ሣጥናቸውን ከፈቱ። የመሬት ይዞታ ደብተሩን ከመግነዛቸው ጋር በአንድ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ነው ያስቀመጡት፤ ሁለቱንም አንድ ላይ። ገለጥኩት፤ አያታችን አባባ አሉበት! በመጀመሪያው ገጽ የባልና የሚስት ጉርድ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። አባባ በ1998 እስኪያርፉ ድረስ አንድም ቀን ካሜራ ፊት ቆመው አያውቁም ብለን አዝነን አልነበር? ቆመዋል! ለደብተሩ ተብሎ ፎቶ አንሺ ወደ ቀበሌ የመጣ ጊዜ ተራ ይዘው ተነሥተዋል። ጢማቸውን ተስተካክለዋል፣ ጋቢያቸውን በቀኝ ትከሻቸው ጥለዋል፣ የተቆጡ ይመስላሉ። እማሆይ «ፎቶ አንሺው አትቁነጥነጥ ብሎት እኮ ነው» አሉኝ። ገጹን በስልኬ አንሥቼልሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ። መጀመሪያ ስታይው ብቻሽን ሁኚ።

እማሆይ ደብተሩን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ ምን ያህል ጊዜ መሬታቸውን ሊያጡ እንደነበር ነገሩኝ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር መጥቶ ጎጃም ሲያምፅ፣ ርስታችን በቀላድ ሊለካ ነው ተብሎ አባባ ጠመንጃ ወልውለው ሳምንት ሙሉ ሳይተኙ አደሩ። በየካቲት 1967 መሬት የሕዝብ ሆነ ሲባል ግማሹ ሲጨፍር ግማሹ፣ ርስተኛው፣ ግራ ገባው። በ1989 ክፍፍል ደግሞ አባባ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ስለነበሩ «ቢሮክራሲ» ተባሉና ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተወሰነባቸው፤ ከምንጩ ሥር ያለው፣ አንቺ ባቄላ እሸት የምትቀጥፊበት ማሳ የሄደው ያኔ ነው። «አያትህ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አልሄደም፤ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ ዞሮ ነበር የሚሄድ» አሉኝ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ይህ ደብተር የመጣው። ሁለት ስም፣ ሁለት ፎቶ፤ የሚስት ስም ከባል እኩል የተጻፈበት። አሁን ማሳውን ጎረቤት የእኩል ያርስላቸዋል። በሕጉም ከአገሩ ለረጅም ጊዜ የጠፋ ባለይዞታ መብቱን ሊያጣ ይችላል። እሳቸው ግን ሕጉን አንብበው አይደለም፤ «መሬት ባለቤቱን ካላየ ሌላ ያይለታል» ነው የሚሉት።

እኔ ግን አሁንም አልተረታሁም ነበር። ለመሬቱ ውክልና አለ፣ ለቤቱ ጠባቂ አለ፣ ለእርስዎ ግን ማን አለ አልኳቸው። ሐምሌ ላይ ወድቀው ዳሌያቸውን የተጎዱትን አነሣሁባቸው። አንቺን ሌሊቱን ሙሉ ያስለቀሰሽ እሱ አይደል? «ዳግመኛ ቢወድቁ ማን ያገኝዎታል?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ፤ «ያን ጊዜስ ማን አገኘኝ መሰለህ?» አሉ።

ይህን አልነገሩንም ነበር፣ እትዬ። እንዲህ ነው የሆነው። ሌሊት ወደ ውጭ ሊወጡ ተነሥተው ደጃፉ ላይ አዳለጣቸውና ወደቁ። መነሣት አቃታቸው፣ ድምፃቸው ለዝናቡ አልበቃም። እየዳኹ ወደ ውስጥ ገቡና መደቡ ሥር ተኙ። ነጋ። ከማዶ ያለችው ጎረቤታቸው፣ የዚያች ልጅ እናት፣ ላም ልታልብ ወጥታ ወደ እኛ ቤት አየች። ጢስ የለም። «የእማሆይ ጢስ ምነው ዘገየ?» ብላ የያዘችውን ቅል ጥላ ሮጠች። ወንዶቹ ቃሬዛ ሠርተው በጭቃ ተሸክመው መኪና መንገድ አወጧቸው፣ ማርቆስ ሆስፒታል አደረሷቸው። ለእኛ ስልክ የተደወለልን ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን ስሰማ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ2008 ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ ሁለት ወር ተቀምጠው ነበር። ኮንዶሚኒየሙን አታውቂው፤ አራተኛ ፎቅ ነው። እኔና ባለቤቴ ጥዋት 1 ሰዓት ወጥተን ማታ 1 ሰዓት እንገባለን፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ናቸው። እማሆይ በአንደኛው ሳምንት ግድግዳውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ከዚህ ወዲያ ማን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። አምስት ዓመት ኖሬ የጎረቤቴን ስም አላውቅም። ምንም አላሉኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የውጭውን በር በቀን ውስጥ ገርበብ አድርገው ይቀመጡ ነበር፣ የሚያልፍ ሰው ካለ ብለው። ባለቤቴ ሌባ ይገባል ብላ ትዘጋዋለች፤ እሳቸው ይከፍቱታል። እኛ ያኔ እርጅና መስሎን ነበር። እዚያ ቤት ቢወድቁ ኖሮ እስከ ማታ 1 ሰዓት የሚያገኛቸው አልነበረም።

እትዬ፣ እኛ እሳቸውን ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት አድርገን ነበር የምናስባቸው። እዚያ ያየሁት ሌላ ነው። ታኅሣሥ 21 የማርያም ማኅበር ተራው የእሳቸው ነበር። ጠላውን ጎረቤቶቹ ጠመቁ፣ ዳቦው በእሳቸው ምድጃ ተደፋ። ጾም ስለሆነ ስልጆና ተልባ ቀረበ። ቤቱ ሰው አልበቃውም። አባ ጸበሉን ረጭተው ጽዋው ሲዞር፣ አባባ በሕይወት ሳሉ የነበረውን ቤት ያየሁ መሰለኝ፤ ያን ጊዜ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተረክ መንደሩ ሁሉ ወደ እኛ ቤት ይመጣ እንደነበረው። አንቺ ሬዲዮኑን ጭንሽ ላይ አድርገሽ፣ ማንም እንዳያንኮሻኩሽ እየተቆጣሽ፣ የተራኪው የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከጢሱ ጋር ቤቱን ሲሞላው! አባባም ትረካው ባለቀ ቁጥር «ሐዲስ እኮ የእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ልጅ ነው፣ የኛው ሰው!» ይሉ ነበር፤ መጽሐፉን ራሳቸው የጻፉት ያህል። ያ ቤት ድሮም የእኛ ብቻ አልነበረም።

በ22 ጥዋት ልነሣ ሻንጣዬን አሰርኩ። የእሳቸውንም ትንሽ ጓዝ አስሬ ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተስፋ አልቆረጥኩም። ልጅቱ እንደ ወትሮዋ ገሏን ይዛ መጣች። እማሆይ ፍሙን ሰጧት፣ በላዩ አመድ ነሰነሱበት፣ «በነፋስ እንዳይበተንብሽ፣ ቀስ» አሏት። ልጅቱ ገሏን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ማዶ ስትሄድ ቆመው አዩዋት፣ ከቤቷ ጣሪያ ጢስ እስኪወጣ ድረስ። ሲወጣ «እግዚኦ ተመስገን» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን እኔ ብሄድ ይቺ ልጅ ከማን ትጭራለች?» አሉኝ።

የምመልስላቸው ቃል አጣሁ። የእሳቸውን ጓዝ ፈታሁት።

አውቃለሁ፤ ጢሱ ዓይናቸውን ይጎዳል፣ ያስላቸዋልም። ምንጩ ሩቅ ነው፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ይህን ሁሉ አልረሳሁም፤ እንዲሁ ትቻቸው የመጣሁ እንዳይመስልሽ። አንቺ ከላክሽው ገንዘብ የተረፈውን በዚህ ላይ ማዋል አሰብኩ፤ አንቺ ካልሽኝ ብቻ። የማዶዋ ልጅ ማታ ማታ ከእሳቸው ጋር እንድታድር ከወላጆቿ ጋር ተነጋግረናል፤ ደብተርና ልብሷን፣ የትምህርት ወጪዋን እኛ እንችላለን። የደጃፉን ጭቃ በድንጋይ አስነጥፈንላቸዋል፤ መደገፊያ እንጨትም ተተክሏል። በየሦስት ወሩ አንድ ሰው ማርቆስ አውርዶ ዓይናቸውን ያሳያቸዋል። ጣሪያውን ቆርቆሮ እናድርገው ብላቸው አልወደዱትም፤ «ቆርቆሮ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያበርዳል» አሉኝ። ሣሩ ይታደስልኝ ነው የሚሉት። ግጦሹ ስለታረሰ የክዳን ሣር ተወዷል፣ ግን ይገኛል። ከእሳቸው የተማርኩት ሌላም አለ፤ ሣር ክዳን ጢስ ካላገኘ ይበሰብሳል፣ ነቀዝና ምስጥ ይበላዋል። ሰው ወጥቶበት እሳት ያልነደደበት ቤት ብዙ ክረምት አይሻገርም። እሳቸውም እንደዚያው ናቸው፣ እትዬ። ያንን ምድጃ ካጠፋንባቸው እዚህ በሞቀ አልጋ ላይ በክረምቱ እናጣቸዋለን ብዬ ፈራሁ።

በርበሬ፣ ሽሮና አንድ ቋጠሮ ቆሎ ልከውልሻል፤ ሰው ሲገኝ እልክልሻለሁ። ደጋግመው የጠየቁኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ «እሷ ዘንድ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ጥዋት አመዱን ሲገልጡ አንቺ ዘንድ ገና የትናንትናው ማታ 4 ሰዓት ነው፣ ልጆችሽን አስተኝተሽ የምትጋደሚበት ሰዓት ነው አልኳቸው። ገረማቸው። ከዚያ ወዲህ ፍሙን ሲገልጡ «እሷ አሁን ልትተኛ ነው» እያሉ ያማትባሉ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። በጎረቤት ስልክ ስትደውዪላቸው «መቼ ነው የሚመጡልኝ» አትበያቸው፤ ያ ጥያቄ ያደክማቸዋል፣ ያስጨንቃቸዋል፣ በደልኳት ይላሉ። አንቺ ከመተኛትሽ በፊት ደውዪና «እማሆይ፣ እሳቱ ደኅና አደረ ወይ?» በያቸው። የሚመልሱልሽን ታውቂዋለሽ።

እኔ ግን አንቺን መጥተሽ አመዱን በገዛ እጅሽ ስትገልጪው ማየት እፈልጋለሁ። በሚመጣው ታኅሣሥ፣ አውድማው ላይ በሬ ሳይጠፋ ነይልን።

በጣም የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ